የአሸናፊው ዕዳ

የሴኡል ኦሎምፒክ የመጨረሻ ቀን ነው፤ መስከረም 22 ቀን 1981 ዓ.ም.። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ ኦክቶበር 2 ቀን 1988። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የ71 ኪሎ ግራም የቦክስ ፍጻሜ ተጠናቆ፣ የመድረኩ ዳኛ የሁለት ወጣቶችን እጅ ግራና ቀኝ ይዞ ውጤት ይጠብቃል። አንደኛው የ19 ዓመቱ አሜሪካዊ ሮይ ጆንስ ጁኒየር ነው። ሁለተኛው የአስተናጋጇ አገር ልጅ ፓርክ ሲ ሁን።

በሦስቱ ዙሮች ጆንስ 86 ቡጢ አሳርፏል። ፓርክ ያሳረፈው 32 ነው። ግጥሚያውን ላየ ሰው ማን እንዳሸነፈ መጠየቅ ራሱ ቀልድ ነበር። ከሪንጉ ዳር ከተቀመጡት 5 ዳኞች የሶቪየት ኅብረቱና የሃንጋሪው ለጆንስ ሰጡ። የኡራጓዩ፣ የሞሮኮውና የኡጋንዳው ለፓርክ ሰጡ። 3 ለ 2። ከፍ ያለው የፓርክ እጅ ሆነ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ይበልጥ ግራ ያጋባል። ለውድድሩ ምርጥ ቦክሰኛ የሚሰጠው የቫል ባርከር ዋንጫ ለተሸናፊው ለጆንስ ተበረከተ። ብር ያጠለቀው ልጅ ወርቅ ካጠለቁት ሁሉ የበለጠ ነው ተባለ ማለት ነው። በአንድ እጅ የነጠቁትን በሌላው ለመመለስ የመሞከር ያህል ነበር።

ኢትዮጵያ በዚያ ውድድር አልነበረችም። የደርግ መንግሥት እንደ ሰሜን ኮሪያና እንደ ኩባ ሁሉ ከሴኡል ቀርቷል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ሊመስል ይችላል። ጥያቄው ግን ሩቅ አይደለም። ዳኛ ሕዝብ እያየው ዓይን ያወጣ ስህተት ሲሠራ፣ ስህተቱን የሚያርመው ማነው? ዕዳውንስ የሚከፍለው ማነው?

▪️ ሁሉም ጉቦውን ፈለገ

ከሴኡል በኋላ ሁሉም የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ገንዘቡን። ማን ከፈለ? ስንት? ለማን? የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ፈርሶ የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ማኅደር ሲከፈት፣ ዳኞችን በገንዘብ ለመያዝ ተሞክሯል የሚሉ ሪፖርቶች ወጡና ጥርጣሬው ተባባሰ። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ጉዳዩን ሲያጣራ ቆይቶ በ1997 ውሳኔውን አሳወቀ፦ የሙስና ማስረጃ አልተገኘም። ውጤቱም ጸና።

ነገር ግን ከግጥሚያው በኋላ ከሞሮኮው ዳኛ አንደበት ወጣ ተብሎ የተዘገበ አንድ ቃል ነበር። ሰውዬው ለፓርክ የሰጠው አሸንፏል ብሎ አልነበረም። ሌሎቹ አራት ዳኞች ለጆንስ መስጠታቸው አይቀርም፣ የእኔ ድምፅ ውጤቱን አይለውጥም፣ አስተናጋጇን አገር 5 ለ 0 ከማዋረድ 4 ለ 1 ይሻላል ብሎ ነው። ሌሎች ሁለት ዳኞችም፣ በየትኛውም ምክንያት ይሁን፣ ወደዚያው አዘነበሉ። ይሉኝታ የሚመስለው ነገር ተደምሮ ዘረፋ ሆነ።

የዳኞቹን ፍርሃት ለመረዳት ደግሞ ከፍጻሜው 10 ቀን ቀደም ብሎ የሆነውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ኮሪያዊው ቢዩን ጁንግ ኢል በቡልጋሪያዊው አሌክሳንደር ሂሪስቶቭ ተሸነፈ ሲባል፣ የኮሪያ አሠልጣኞችና ኃላፊዎች ሪንጉ ላይ ወጥተው ኒውዚላንዳዊውን የመድረክ ዳኛ ኪት ዎከርን ደበደቡት። ቢዩን ደግሞ አልወርድም ብሎ ሪንጉ ላይ 67 ደቂቃ ተቀመጠ። መብራት ጠፍቶበትም እዚያው ነበር። ዎከር ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ኮሪያውያኑ ከ4 ዓመት በፊት በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በዳኝነት ተበድለናል የሚል ቂምም ነበራቸው። የፍጻሜው ዳኞች የተቀመጡት ይህ ሁሉ በሆነበት አዳራሽ ነው።

እንግዲህ ጉቦ ብቻ የሚፈልግ ምርመራ ይህን አያገኝም። ፍርሃት ደረሰኝ የለውም። ይሉኝታ በባንክ አይተላለፍም። መርማሪው ደረሰኝ ፈልጎ ሲያጣ «ንጹሕ ነው» ይላል። ፍርዱ ግን ያው የተጣመመ ፍርድ ሆኖ ይቀራል።

▪️ የሻምፒዮን ስም

ሴኡል የመጀመሪያው አይደለም። ዲሴምበር 5 ቀን 1947 በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ጆ ሉዊስ የከባድ ሚዛን ቀበቶውን ከጀርሲ ጆ ዎልኮት ሊከላከል ወጣ። ሉዊስ ከ10 ዓመት በላይ ሻምፒዮን ሆኖ የቆየ፣ በአሜሪካ ስሙ እንደ ባንዲራ የሚታይ ሰው ነው። ዎልኮት ማንም ተስፋ ያልጣለበት ተጋጣሚ ነበር።

ዎልኮት ሻምፒዮኑን በመጀመሪያው ዙር ጣለው። በአራተኛው ዙር ደግሞ እንደገና ጣለው። 15ኛው ዙር ሲያልቅ ሉዊስ ውጤቱን እንኳ ሳይጠብቅ ከሪንጉ ሊወርድ ሲል ረዳቶቹ ያዙት። የተሸነፈ ሰው አካሄድ ነበር።

በዚያ ዘመን በኒው ዮርክ የሚቆጠረው ያሸነፉት ዙር ብዛት ነው። ሪንጉ ውስጥ ከሁለቱ ጋር አብሮ ሲዞር ያመሸው የመድረክ ዳኛ ሩቢ ጎልድስታይን 7 ዙር ለዎልኮት፣ 6 ለሉዊስ፣ 2 እኩል ብሎ ጻፈ። ውጭ የተቀመጡት ሁለቱ ዳኞች ግን ለሉዊስ ሰጡ፤ አንዱ 8 ለ 6፣ ሌላው 9 ለ 6። ቀበቶው እዚያው ቀረ።

«ሻምፒዮንን መንጠቅ የሚፈልግ በግልጽ መንጠቅ አለበት» የሚል አባባል በቦክስ ዓለም አለ። በየትኛውም ደንብ ላይ ግን አልተጻፈም። ሕጉ ለሻምፒዮኑም ለተፎካካሪውም ሚዛኑ እኩል ነው ይላል። በተግባር ግን ስም ራሱ ሚዛን ላይ ይወጣል። እዚህ ጋ ጉቦ አለ ያለ ሰው የለም፤ ዳኞቹ ያዩት ለዓመታት ሲያዩት የኖሩትን ሻምፒዮን ነው።

ሉዊስ በሚቀጥለው ዓመት ጁን ላይ ዎልኮትን በ11ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። ያ ድል ለእሱም እፎይታ ነበር። ዎልኮትም በ1951 በ37 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆኗል። ታሪኩ በደህና አለቀ ማለት ይቻላል። ያስተካከሉት ግን ቦክሰኞቹ በቡጢያቸው ናቸው፤ ዳኞቹ አይደሉም።

▪️ 118 ለ 110፣ ሁለት ጊዜ

እውነቱን ለመናገር አወዛጋቢ ውጤት ሁሉ ዘረፋ አይደለም። ዛሬ በዓለም ሻምፒዮና 3 ዳኞች በሪንጉ ሦስት አቅጣጫ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ዳኛ በየዙሩ ለአሸናፊው 10፣ ለተሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ 9 ነጥብ ይሰጣል። አንዱ ከወደቀ ውጤቱ ብዙውን ጊዜ 10 ለ 8 ይሆናል። 12ቱ ዙሮች ሲያልቁ ይደመራል።

የዚህ ቆጠራ ችግር፣ በፀጉር ስፋት ያሸነፉት ዙርና ተቃዋሚን መድረሻ ያሳጡበት ዙር እኩል አንድ ነጥብ ማስገኘታቸው ነው። 5 ዙር በከፍተኛ ብልጫ ያሸነፈ ሰው፣ 7 ዙር በጥቂቱ በበለጠው ሰው ሊሸነፍ ይችላል። ስለዚህ «ብዙ ቡጢ ያሳረፈው እሱ ነው» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የቡጢ ቆጠራውም ቢሆን ሰዎች እያዩ ቁልፍ በመጫን የሚሠሩት ነው።

ኤፕሪል 6 ቀን 1987 በላስ ቬጋስ ሹገር ሬይ ሊዮናርድ ማርቪን ሃግለርን ያሸነፈበት ግጥሚያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከዓመታት እረፍት የተመለሰው ሊዮናርድ በየዙሩ መጨረሻ ላይ በፍጥነት እየተኮሰ ዓይን ሳበ። ሃግለር ወደፊት እየገፋ ከበድ ከበድ ያለውን አሳረፈ። ሉ ፊሊፖ 115 ለ 113 ለሃግለር ሰጠ። ዴቭ ሞሬቲ 115 ለ 113 ለሊዮናርድ። ሁለቱም አስተዋይ ሰው ሊከራከርላቸው የሚችል ውጤቶች ናቸው። ሦስተኛው ዳኛ ሜክሲኳዊው ጆጆ ጌራ ግን 118 ለ 110 ለሊዮናርድ ብሎ ጻፈ። ከ12 ዙር ሃግለር ያሸነፈው 2 ብቻ ነው ማለቱ ነው።

ምፀቱ ጌራ ወደዚያ ወንበር የመጣበት መንገድ ነው። ቀድሞ የተመደበው እንግሊዛዊው ሃሪ ጊብስ ነበር። የሃግለር ሰዎች ራሳቸው «እሱን አንፈልግም» ብለው አስቀየሩት። ጊብስ ግጥሚያውን ከተመለከተ በኋላ እኔ ብሆን ለሃግለር እሰጥ ነበር አለ። ሃግለር ከዚያች ሌሊት በኋላ ሪንግ ላይ አልወጣም።

30 ዓመት አለፈ። ሴፕቴምበር 16 ቀን 2017፣ ያው ላስ ቬጋስ። ጌናዲ ጎሎቭኪን ከሳውል ካኔሎ አልቫሬዝ ጋር ገጠመ። ከዳኞቹ አንዱ ያው ዴቭ ሞሬቲ ነው፤ አሁንም 115 ለ 113 ጻፈ፣ ለጎሎቭኪን። ዶን ትሬላ 114 ለ 114 አለ። አዳሌድ በርድ ደግሞ 118 ለ 110 ለካኔሎ። ያው ቁጥር፣ በያው ከተማ። ግጥሚያው በአቻ ተለያየ ተባለ።

የ1987ቱም የ2017ቱም ግጥሚያ ጠባብ ነበር፤ ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። 118 ለ 110 ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ያስረከበ ዳኛ እያንዳንዱን ዙር ለምን ለዚያ ሰው እንደሰጠ በጽሑፍ እንዲያስረዳ የሚያስገድደው የለም። የፍርድ ቤት ዳኛ እንኳ ምክንያቱን ይጽፋል። የቦክስ ዳኛ ቁጥር ብቻ ጽፎ ይሄዳል።

▪️ ከፎቶ አንሺዎቹ ጀርባ

ምክንያቷን በአደባባይ እንድትናገር የተገደደች አንዲት ዳኛ ነበረች። ማርች 13 ቀን 1999 በዚያው በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሌኖክስ ሉዊስና ኤቫንደር ሆሊፊልድ የከባድ ሚዛንን ቀበቶዎች አንድ ለማድረግ ገጠሙ። ሉዊስ 348 ቡጢ አሳረፈ፣ ሆሊፊልድ 130። ስታንሊ ክሪስቶዱሉ 116 ለ 113 ለሉዊስ፣ ላሪ ኦኮነል 115 ለ 115፣ ዩጂኒያ ዊሊያምስ 115 ለ 113 ለሆሊፊልድ። አቻ።

ጩኸቱ ከስፖርት አልፎ የኒው ዮርክ ፖለቲከኞች ጋ ደረሰ። ዊሊያምስ በግዛቱ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀረበች። ጥያቄው ያጠነጠነው በአምስተኛው ዙር ላይ ነው። በዚያ ዙር ሉዊስ 43 ቡጢ ሲያሳርፍ ሆሊፊልድ ያሳረፈው 11 ነው፤ እሷ ግን ዙሩን ለሆሊፊልድ ሰጥታለች። ፎቶ አንሺዎች ከልለውኝ ነበር አለች። በኋላ በቪዲዮ ስታየው ዙሩ የሉዊስ እንደነበርም አመነች።

ሕዝቡ መልሱን እንደ ቀልድ ቆጠረው። ግን በጽሞና ቢታይ ከባድ ነገር ነው። የዓለም ሻምፒዮንን የሚወስን ዓይን ከፎቶ አንሺ ትከሻ ጀርባ ተቀምጧል። ቴሌቪዥን የሚያይ ተመልካች ከዳኛው የተሻለ ያያል። ያን ወንበር እዚያ ያስቀመጠው ማነው ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው፤ ብዙው የጠየቀው ማን ከፈላት ብሎ ነው። ሉዊስና ሆሊፊልድ በኖቬምበር እንደገና ገጥመው ሦስቱም ዳኞች ለሉዊስ ሰጡ። ይህንንም ያረመው ቡጢ ነው።

▪️ ማሽኑም አላዳነም

ከሴኡል ውርደት በኋላ የአማተር ቦክስ መሪዎች መፍትሔ አሉት። በ1992ቱ የባርሴሎና ኦሎምፒክ ዳኞች ወረቀት ትተው ቁልፍ መጫን ጀመሩ። ከ5ቱ ዳኞች 3ቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አብረው ካልተጫኑ ቡጢው አይቆጠርም። ሐሳቡ አንድ ዳኛ ብቻውን እንዳያዳላ ነው። ውጤቱ ግን ሌላ ጣጣ ሆነ። ሰውነት ላይ የሚያርፍ ቡጢና ተከታታይ ምት ሳይቆጠር ይቀር ጀመር፤ ቦክሰኞችም ነጥብ ለቃቃሚ ሆኑ። በ2013 ማሽኑ ቀርቶ የ10 ነጥቡ ስሌት መጣ።

ከዚያ ሪዮ 2016 ሆነ። የአየርላንዱ ማይክል ኮንላን በሩሲያዊው ቭላድሚር ኒኪቲን ተሸነፈ ሲባል በሪንጉ ላይ ቆሞ ለዳኞቹ የስድብ ጣቱን አሳየ። ኒኪቲን ከድብደባው ብዛት የግማሽ ፍጻሜውን መግጠም አልቻለም። በ2021 ካናዳዊው የሕግ ሊቅ ሪቻርድ ማክላረን ባወጡት የምርመራ ሪፖርት፣ በሪዮ ወደ 10 የሚጠጉ ግጥሚያዎች በማጭበርበር ተጠርጥረዋል።

አዎ፣ በሪዮ የገንዘብ ጉዳይም ተነስቷል። ግን የሪፖርቱ ትልቁ ግኝት ሌላ ነው። ዳኞቹ የሚሠሩት በፍርሃትና በመታዘዝ ባህል ውስጥ ነበር። የተባለውን የሚያደርግ ለሚቀጥለው ውድድር ይመረጣል፤ እምቢ የሚል ይረሳል። በ1988 በአንድ አዳራሽ የታየው ፍርሃት በ28 ዓመት ውስጥ መዋቅር ሆኖ ነበር። የኦሎምፒክ ኮሚቴው በ1997 «ማስረጃ የለም» ብሎ የዘጋውን በር እንደገና ሲከፍት የጠበቀው ይህ ነው። በመጨረሻ በ2023 ዓለም አቀፉን የቦክስ ማኅበር ከኦሎምፒክ ቤተሰብ አስወጣው።

▪️ ዕዳውን ማን ከፈለ?

የፕሮፌሽናሉ ዓለም ደግሞ የራሱ ልማድ አለው፤ ያምናል፣ ግን አይመልስም። ጁን 9 ቀን 2012 ማኒ ፓኪያዎ 253 ቡጢ አሳርፎ 159 ባሳረፈው ቲሞቲ ብራድሊ ተሸነፈ ተባለ። የዓለም ቦክስ ድርጅት 5 ዳኞች ሰብስቦ ቪዲዮውን አሳያቸው። 5ቱም ፓኪያዎ አሸንፏል አሉ። ውጤቱ ግን አልተለወጠም። ለብራድሊ ከሰጡት ዳኞች አንዷ ሲጄ ሮስ በዓመቱ የፍሎይድ ሜይዌዘርንና የካኔሎን ግጥሚያ እንድትዳኝ ተመደበች፤ ሜይዌዘር በግልጽ የበለጠበትን ግጥሚያ 114 ለ 114 ብላ ጻፈች። ከዳኝነት ገሸሽ ያለችው ከዚያ በኋላ ነው።

ብራድሊስ? ዳኞቹን አልመረጠም፣ ወረቀቱን አልጻፈም። ተነስ ሲሉት ተነስቶ ታግሏል፣ እጅህን ስጥ ሲሉት ሰጥቷል። ከዚያች ሌሊት በኋላ የግድያ ዛቻ ይጎርፍለት ጀመር። ራሱን እስከ መጥላት የደረሰ ጨለማ ውስጥ ገብቶ እንደነበር በኋላ በግልጽ ተናግሯል። ስለ ተበዳዩ ፓኪያዎ ዓለም ጮኸ። ለተጠቃሚው የጮኸ አልነበረም።

አንዳንድ ጊዜ ድርጅቶች ታሪክን ወደኋላ ተመልሰው ሊያርሙ ይሞክራሉ። በ1991 አውስትራሊያዊው ጄፍ ፌኔች ከጋናዊው አዙማ ኔልሰን ጋር በአቻ ተለያየ ተብሎ የአራተኛ ሚዛን ሻምፒዮንነት አመለጠው። የዓለም ቦክስ ምክር ቤት በ2022፣ ከ31 ዓመት በኋላ፣ ድሉ የፌኔች ነው ብሎ ወሰነ። ፌኔች በጎልማሳነቱ ቀበቶውን አገኘ። ነገር ግን ኔልሰን በ1992 ሜልቦርን ድረስ ሄዶ በፌኔች አገር፣ በፌኔች ሕዝብ ፊት በ8ኛው ዙር አስቁሞታል። የአፍሪካ ታላቁ ቦክሰኛ የሚባለው ሰው ክርክሩን በቡጢው ዘግቶ ነበር። በወቅቱ ቢታረም ለሁለቱም ክብር የሚሆን ነገር፣ ዘግይቶ ሲመጣ አንዱን ክሶ ሌላውን የሚያስቀይም ሆነ።

ወደ ፓርክ ሲ ሁን እንመለስ። ጆንስ ከሴኡል በኋላ በአራት ሚዛኖች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2003 የከባድ ሚዛንን ቀበቶ ሳይቀር ወሰደ። የተሰረቀው ወርቅ ስሙን አላጎደለውም። ፓርክ ግን በፕሮፌሽናል ደረጃ አልተጋጠመም። አሠልጣኝ ሆኖ ኖረ። በአገሩ እንኳ ስሙ ሲነሳ የሚነሳው ያ ውጤት ነበር። ወርቁ ለዓመታት እንደ ሸክም እንደከበደው ተናግሯል።

በ2023 ፓርክ ሜዳሊያውን ይዞ ወደ ፍሎሪዳ፣ ወደ ጆንስ ከተማ ወደ ፔንሳኮላ ተጓዘ። ከእሱ ጋር የሄደው ልጁ ነው። ሜዳሊያውን ለጆንስ አስረከበው፤ ይህ የአንተ ነው አለው። በቪዲዮው ላይ ጆንስ ዓይኑን ማመን ሲያቅተው ይታያል። ከግጥሚያው 35 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ከሦስቱ ዳኞች አንዱም ይህን አላደረገም። ማኅበሩም፣ ኮሚቴውም አላደረገም። ያደረገው ፍርዱን ያልጻፈው ሰው ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። በዚህ ጉዳይ እውነቱ ያደረው አንድ ሌሊት እንኳ አልነበረም፤ ገና ከመጀመሪያው ሰዓት ጠርቶ ነበር። የጎደለው «ተሳስተናል» የሚል አንደበት ነው። የኦሎምፒክ መዝገብ ዛሬም ቢገለጥ የ1988 የ71 ኪሎ አሸናፊ ፓርክ ሲ ሁን ይላል። ሜዳሊያው ግን ፔንሳኮላ ነው።